ለማን ድምፅ እንደሰጡ አጥንቼ የገዛሁት ቤት

ቤት ለመግዛት ስንነሣ ባለቤቴ የጠየቀው የወለዱን መጠን፣ እኅቴ የጠየቀችው የቤተ ክርስቲያኑን ርቀት ሲሆን፣ እኔ የጠየቅሁት ግን ጎረቤቶቻችን በምርጫ ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ነበር። ተከራይተን በነበርንበት ሰፈር ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ «ወደ አገርሽ ተመለሺ ተባልሁ» ብላኝ ነበር (አገሯ ቨርጂኒያ ነው፤ የተወለደችውም አርሊንግተን ነው)። የተናገራት ልጅ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ስለሆነ ቃሉን ከቤቱ ይዞት እንደወጣ አልጠራጠርም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሰፈር የወላጆቹን አመለካከት አስቀድሜ ሳላውቅ ውል እንደማልፈርም ለራሴ ቃል ገባሁ።

የቤት ግዢ ወኪላችን ሐበሻ ስለነበረ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ ስጠይቀው ግን «እኅቴ፣ ስለ ቤቱ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ስለ ሰዎቹ ከተናገርሁ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ወኪሎች ገዢን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱና በትውልድ አገሩ እየለዩ ወደ አንዱ ሰፈር እንዳይመሩ ከሌላውም እንዳያርቁ ይከለክላል። የፖለቲካ አመለካከት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባይገኝም፣ በዚህ አገር ስለ ምርጫ የተጀመረ ወሬ ዘር ላይ ለመድረስ ጊዜ ስለማይወስድበት ወኪሎቹ አፋቸውን ይዘጋሉ። እኔ በጊዜው በጣም ተናድጄበት ነበር። ሕጉ የተፈረመው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ መሆኑን፣ ከዚያ በፊትም እኛ በምናማርጣቸው በእነዚሁ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች በብዙ የቤት ውሎች ላይ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚል አንቀጽ ይሰፍር እንደነበረ ያነበብሁት በኋላ ነው፤ «እዚያ የሚኖረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄዬ የእኔን መሰሎች በር ለመዝጋት ለብዙ ዘመን ሲጠየቅ የኖረ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ቢሆንም መጠየቄን አልተውሁም።

በሜሪላንድ ነገሩ ቀላል ነው፤ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲውን ስለሚያስመዘግብ ቁጥሩ በግልጽ ይገኛል። በቨርጂኒያ ግን መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ የሚታየው የየምርጫ ጣቢያው ውጤት ብቻ ነው፤ እኔም የሳትሁት እዚያ ላይ ነው። የ2020ን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት አውርጄ በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ያሉ ጣቢያዎችን ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ በቀይና በሰማያዊ ቀለም (ቀይ ለሪፐብሊካን፣ ሰማያዊ ለዴሞክራት) ስቀባ፣ ባይደን ከ60 በመቶ በላይ ባገኘበት ካውንቲ ውስጥ ትራምፕ የመራባቸው ጣቢያዎች እየበዙ ሄዱ፤ እኔም ቁጥሩ ለምን እንዳልገጠመ ከመጠየቅ ይልቅ ሰፈሮቹን መሰረዝ ጀመርሁ። ለካ በዚያ ዓመት በቨርጂኒያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መራጭ አስቀድሞ ወይም በፖስታ ድምፁን ሰጥቶ ነበር፤ ያ ሁሉ ድምፅ የተመዘገበው በየጣቢያው ሳይሆን በማዕከል ተጠቃልሎ ስለነበር፣ በጣቢያው ስም የቀረው በዕለቱ ተሰልፎ የመረጠው ሰው ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርሱም በብዛት የትራምፕ ደጋፊ ነበር። ሕጉ በ2022 ተሻሽሎ አስቀድሞ የተሰጠውም ድምፅ በየጣቢያው እንዲገለጽ ተደርጓል፤ የ2020ን ሠንጠረዥ በጣቢያ ደረጃ አይቶ ሰፈር የሚመርጥ ሰው ካለ ግን ይተወው። እኔ በዚያ ስሕተት ከእኅቴ ቤት አራት ደቂቃ የሚርቅ፣ ጓሮው ለልጆች የሚበቃ ቤት ሰርዣለሁ፤ አሁንም በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን አዞራለሁ።

ከዚህም አልፌ ለፌዴራል ምርጫ ዕጩዎች ከ200 ዶላር በላይ የለገሱ ሰዎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት መሆኑን ሳውቅ የወደፊት ጎረቤቶቼን ስም መፈለግ ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ «ይህንን ቀበሌ ቢሠራብሽ ምን ትዪ ነበር?» ሲለኝ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ታኮማ ፓርክን በዋጋዋ ምክንያት መተዋችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ራሷን ከኑክሌር ነፃ ብላ በ1983 ያወጀችና ሰዎች የሚቀልዱባት ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ መስጠት ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2013 ደግሞ የመራጩን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ አድርጋለች። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘችው እናቴ የምትመርጥበት ከተማ ነው ማለት ነው። የሰፈርን እምነት በእንዲህ ያለ ድንጋጌ መለካት በፕሬዚዳንት ምርጫ ከመለካት እጅግ ይሻላል፤ እኔ ግን ይህን እያወቅሁ ከካውንቲው ግብር በላይ የሚከፈለውን የከተማዋን ግብር ደምሬ ፈራሁ።

በቀለሙ ካርታ ላይ ያለኝን እምነት ያሳነሰው ሌላው ነገር የ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ነው። ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት ባሸነፈበት በዚያ ምርጫ፣ የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ሲቀሰቅሱ ነበር። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ ቀይ የተቀባ ድምፅ ከሰንበቴ ባልንጀራዬ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ እርሷም ልጄን ወደ አገርሽ ተመለሺ እንደማትላት አውቃለሁ።

በመጨረሻ በ2022 በጋ ዉድብሪጅ አካባቢ፣ በአሃዝም በመልክም የተደባለቀ በመሰለኝ ሰፈር ታውንሃውስ ገዛን። ብድሩ፣ ምርመራው፣ ፊርማው ሁሉ እንደማንኛውም ሰው አለፈ።

አንድ ነገር ግን አላነበብሁም። በቨርጂኒያ የሰፈሩን የጋራ ደንብ የሚያስከብር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር የሚገዛ ሰው የማኅበሩ ደንብ፣ የሒሳብና የስብሰባ ሰነድ ይላክለታል፤ ከደረሰው በኋላም በሦስት ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት ውሉን ማፍረስ ይችላል። የእኔ ሰነድ 214 ገጽ ነበር። በሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት በስልኬ ከፍቼ፣ መድረሱን በጣቴ ፈርሜ፣ ወደ ሳንድዊቼ ተመለስሁ። ሦስት ሌሊት ለምርጫ ሠንጠረዥ ያልሰሰትሁ ሰው ለዚህ ሰነድ አንድ ምሽት አልሰጠሁም።

በየካቲት 2023 አንድ ሰኞ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሰብሳቢ፣ የነፍስ አባታችንና ከኋላቸው እኅቴ ቆመዋል። አንድም ቃል ሳይወጣቸው እኅቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበሷን አየሁ፤ ደብረ ብርሃን ያለው አባቴ መሞቱን ያወቅሁት በዚያ ነው። ቤቱ በልቅሶ ከተሞላ በኋላ በመጋረጃው ላይ ቢጫ መብራት ሲሽከረከር ሰው አምቡላንስ የጠራልኝ መስሎኝ ነበር። ጎታች መኪና ነበር። መርዶ ነጋሪዎቼ የመጡበትን የሰብሳቢውን ካምሪ በእንግዳ ማቆሚያው ላይ ፊቱን አንሥቶ ሊሄድ ሲል፣ ሰብሳቢው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ስለነበር በካልሲያቸው በረዶ ላይ ሮጡ፤ አልደረሱበትም።

በሦስቱ የለቅሶ ቀናት ሁለት መኪና ተጨመረ። ባለቤቴ ሐዘንተኛ ከመቀበል ይልቅ በአንድ መኪና ከ150 ዶላር በላይ እየከፈለ ከማጎሪያው ግቢ ሲያስፈታ ሰነበተ። ሊያጽናኑን የመጡ እናቶች እንጀራቸውን በሣህን እንደያዙ በመስኮት ወደ መኪናቸው ሲመለከቱ ሳይ፣ ከሐዘኔ እኩል እፍረት ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ለመጻፍ ደስ አይለኝም። ጎታቹን ደውሎ የጠራው ጎረቤት ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ ብዬ ወደዚያው ወደ ቀለም ካርታዬ ተመለስሁ። ፊት ለፊታችን ያለው ጡረታ የወጣ ወታደር ትልቅ ባንዲራ ስለሚሰቅል እርሱ ነው አልሁ፤ በቀኛችን ያለችው ሴትዮ በሦስት ቋንቋ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳ ስለተከለች ደግሞ ግብዝ ናት ብዬ ጠረጠርኋት። አራት ወር ሁለቱንም ሰላም አላልሁም። በሰኔ ማኅበሩ አቤቱታዬን በኮምፒውተር ስብሰባ ሲሰማ ያወቅሁት ግን ማንም አለመደወሉን ነው፤ ጎታቹ ድርጅት ከማኅበሩ ጋር በገባው ውል መሠረት በየሌሊቱ እየዞረ ፈቃድ ያልለጠፈውን ሁሉ ይወስዳል። ለአንድ ቤት የሚሰጠው የእንግዳ ፈቃድ አንድ ሲሆን፣ የእኛም በራሳችን ሁለተኛ መኪና ላይ ተለጥፎ ነበር።

ለመናገር የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በጨዋ ድምፅ «ለሐዘንዎ እናዝናለን» ካለችኝ በኋላ፣ ብዙ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ከ10 ቀን በፊት ማመልከቻ ማስገባት እንደሚችል ከደንቡ አነበበችልኝ። አባቴ እንደሚሞት ከ10 ቀን በፊት ብነገር ኖሮ ማመልከቻ ሳይሆን የአውሮፕላን ቲኬት እገዛ ነበር አልኋት። ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪዋ ቅሬታ አቀረበች» ተብሎ ተጻፈ።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ በዚያ ሳምንት ሰነዱን አውጥቼ ሳነበው ሁሉም ነገር ተጽፎ ማግኘቴ ነው። የፈቃዱ ቁጥርም፣ የጎታቹም ውል፣ ለልጃቸው ምረቃ ማቆሚያ የጠየቁ ቤተሰብ መከልከላቸውም በቃለ ጉባኤው አለ። የመጨረሻው የቦርድ ምርጫ ውጤትም ነበረበት፤ ከ188 ቤቶች ድምፅ የሰጡት 26 ናቸው። እኔ የአንድን ካውንቲ የፕሬዚዳንት ምርጫ በጣቢያ ስከፋፍል፣ የእንግዳዬን መኪና የሚያስወስዱት ሰዎች የሚመረጡበትን ምርጫ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር።

ገዢው በማኅበሩ ሰነድ ውስጥ በጀቱንና የመጠባበቂያውን ገንዘብ በመጀመሪያ እንዲያይ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ሐበሻ ከሆናችሁ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያውን ደንብ፣ ቀጥሎ ቃለ ጉባኤውን አንብቡ፤ ለቅሶ፣ ክርስትናና ማኅበር ያለበት ቤት የሚፈርሰው በጣሪያ ጥገና መዋጮ አይደለም። ሰዎች ስለ ጎረቤት አመለካከት መጠየቅ ነውር ነው ሲሉም አልቀበላቸውም፤ የልጄን አውቶቡስ አልረሳሁምና። ሰነዱ በደረሳችሁ ማግሥት ግን ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ፤ ሦስቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድን ሳይለዩ ይቆጠራሉ።

ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ፣ የማቆሚያውን ደንብ ለማስቀየር፣ የውክልና ፎርም ይዤ በየበሩ ዞርሁ። ወታደሩ ገና በሩን ሲከፍት ለምን ሰላም እንደማልለው ጠየቀኝ፤ አፍሬ እውነቱን ነገርሁት፤ ሳይስቅም ሳይቆጣም ፈረመልኝ። ባለ ሰሌዳዋ ሴትዮ ግን ማቆሚያው እንደሚጣበብ ነግራኝ አልፈረመችም፤ ሰሌዳዋ አሁንም እዚያው አለ። ምልዓተ ጉባኤው ባለመሙላቱ ስብሰባው አንድ ጊዜ ተበትኖ በሁለተኛው 41 ድምፅ ተገኘ፣ እኔም ቦርድ ገባሁ። ሐዘን የደረሰበት ቤት ለ72 ሰዓት እንግዶቹ እንዳይጎተቱ በአንድ መልእክት ማሳወቅ እንዲችል የሚለውን አንቀጽ ለማስጸደቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። የጎታቹን ስልክ ቁጥር በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእድሩ የስም ዝርዝር ጎን ለጥፌዋለሁ።