ሲቪ ላይ ያለችው ሰረዝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ እናነሳለን፣ ፕሪንት እናደርጋለን፣ ላሚኔሽን እንሠራለን። እንጀራዬ ግን ሲቪና የሥራ ማመልከቻ ነው። አብዛኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

ደንበኞቼ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛቸው አይናቅም። ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት በእሱ ነው። ቃላቱን ያውቃሉ፤ ሥርዓተ ነጥቡ ግን ከአማርኛ ተገልብጦ የመጣ ነው። ከእኔ ቤት የወጣ ወረቀት ሌላ ቢሮ ሄዶ ባለቤቱን እንዲያሳጣ አልፈልግም። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሙያ ልይዘው ወሰንኩ።

የተማርኩበት መንገድ ቀላል ነው። የቆዩ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ሰበሰብኩ፤ ሄራልድም ፎርቹንም። አንድ አንቀጽ እመርጥና ምልክቶቹን ሁሉ አውጥቼ፣ ትልልቁን ፊደል ሁሉ አሳንሼ እተይበዋለሁ። ፕሪንት አድርጌ አስቀምጣለሁ። በማግሥቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ወይም መብራት ሲጠፋ፣ ምልክቶቹን በእስክሪብቶ እመልሳለሁ። ከዚያ ከጋዜጣው ጋር አስተያያለሁ። ያልገጠመው ቦታ ላይ «ለምን?» ብዬ እጽፋለሁ። ጋዜጣም ይሳሳታል፤ ስለዚህ የሰዋስው መጽሐፍም አጠገቤ ነበር። ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን ያቺ «ለምን» ናት።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ገባኝ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «እፈልጋለሁ» ካልኩ ነገሩ አለቀ፤ አራት ነጥቡን ብረሳው እንኳ አንባቢ አይጠፋበትም። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ መሀል ላይ ይመጣና ከኋላው ገና ብዙ ይከተላል። ሐሳቡ የት እንዳበቃ የሚናገሩት ነጥቡና ቀጥሎ የሚመጣው ትልቅ ፊደል ናቸው። ልጆቹ በብዛት የሚሰናከሉትም እዚህ ጋ ነው። «አይ ፊኒሽድ ማይ ዲግሪ, አይ አም ሉኪንግ ፎር ኤ ጆብ» ብለው ያመጣሉ። ሁለቱም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ኮማ ብቻዋን ሁለቱን አትሸከምም። ወይ በነጥብ ይለያያሉ፣ ወይ ከኮማዋ ቀጥሎ «ኤንድ» ይገባል፣ ወይ ሰሚኮለን (;) ይሆናል። ሰሚኮለን ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ለእኛ ግን ባዳ አይደለም። የእኛ ድርብ ሰረዝም የሚዛመዱ ሁለት ሙሉ ሐሳቦችን ያያይዛል። «ሃውኤቨር» ሁለት ዓረፍተ ነገር መሀል ሲገባም ያው ነው፤ ከፊቱ ሰሚኮለን ወይም ነጥብ፣ ከኋላው ኮማ።

ትምህርት ቤት «ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ ኮማ አድርጉ» ተብለን ነበር። እኔ ይህን ምክር ጥዬዋለሁ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ረዝሞ አንድ መስመር ሙሉ ሲይዝ ትንፋሽ ያጥራል፤ ቢሆንም በእሱና በግሡ መሀል አንዲት ኮማ ብቻዋን አትገባም።

አሁን ወደ ሲቪው። ከአሥር ዘጠኙ ላይ «ኔም» ከሚለው ቀጥሎ :- አለ። ይህቺ ሰረዝ የመጣችው «ጉዳዩ፦» ከሚለው ደብዳቤያችን ነው። በዛሬ እንግሊዝኛ ሁለቱ ነጥቦች ብቻ ይበቃሉ፤ ሰረዟን አጠፋታለሁ። ቀጥሎ እዝባሯ አለች። «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ገ/መድህን» ብለን ስለለመድን አዲስ አበባንም በእንግሊዝኛ «ኤ»፣ እዝባር፣ ከዚያ «አበባ» ብለን እንጽፋለን። የውጭ ሰው ይህን ሲያይ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባለ ይመስለዋል። እኔ ስሙን ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ደንበኛዬ ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በእዝባር ከሆነ ግን አልነካውም፤ እዚያ ላይ ከሰዋስው ይልቅ መታወቂያ ይበልጣል።

አፖስትሮፊ (') ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሲቪ ላይ የምትገባው ትልቅ ቦታ ነውና። የመጀመሪያ ዲግሪ «ባችለር'ስ ዲግሪ» ነው፤ ሁለተኛው «ማስተር'ስ ዲግሪ»። ሁለቱም ላይ ከ«ስ» በፊት አፖስትሮፊ አለች፤ ባለቤትነት ነው። «ባችለር ኦፍ አርትስ» ሲባል ግን የለችም፤ «አርትስ» ብዙ ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ቁጥር ላይ አፖስትሮፊ መሰካት የሱቅ ማስታወቂያ በሽታ ነው፤ ሲቪ ላይ አይግባ። «ኢትስ» ላይ ደግሞ አንድ ፍተሻ አለኝ። ቃሉን «ኢት ኢዝ» ብዬ እዘረጋዋለሁ። ትርጉም ከሰጠ አፖስትሮፊ አለ፤ ካልሰጠ የለም። «ኢት ሃዝ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ያኔም አፖስትሮፊ አለ።

«ጋሼ፣ አሁን ይቺን ነጥብ ማን ያያታል?» አለችኝ አንዲት አካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ።

«አንቺስ ብር ስትጽፊ ነጥቧን አንድ ቤት ብታሳልፊያት ማን ያይሻል?»

ሳቀች። ከዚያ የወተት መኪና ሾፌሮቹን ነገርኳት። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ የአንድ የወተት ድርጅት ሾፌሮች ለትርፍ ሰዓታችን ይከፈለን ብለው ከሰሱ። ሕጉ ትርፍ ሰዓት የማይከፈልባቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል፤ ማቀነባበር፣ ማቀዝቀዝ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» በሚመስል አነጋገር ያበቃል። በእንግሊዝኛው ከ«ወይም» በፊት ኮማ አልነበረም። ታዲያ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው ወይስ የማሸጉ አካል? ሾፌሮቹ ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 አገላለጹ አሻሚ ነው ብሎ ለሾፌሮቹ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2018 ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎችም ዝርዝሩን አሻሽለው በየሥራው መሀል ሰሚኮለን ሰገሰጉበት። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና «እሺ፣ አስተካክለው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ስጽፍ ከመጨረሻው «ኤንድ» በፊት ኮማ አስገባለሁ። ብዙ የእንግሊዝ ጋዜጦች አያስገቡም፤ ስህተት ነው አልልም። ግን አንድ ወረቀት ላይ አንዴ አስገብቶ አንዴ መተው አያምርም።

ክፍተት ቀላል ናት፤ ግን የተዝረከረከ ሰው ታስመስላለች። ከኮማና ከነጥብ በፊት ክፍተት የለም፣ በኋላ አንድ አለ። ሦስት ቃለ አጋኖ መደርደርማ ለሠርግ ጥሪ ይሁን።

ደብዳቤ ሲሆን ለማን እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። አሜሪካኖች የሥራ ደብዳቤ ላይ ከ«ዲር» ሰላምታ በኋላ ኮለን (:) ያደርጋሉ፤ እንግሊዞች ኮማ። «ሚስተር» ሲያጥር አሜሪካኖች ነጥብ ይጨምራሉ፣ እንግሊዞች በአብዛኛው ይተዉታል። ጥቅስ ሲዘጋም አሜሪካኖች ነጥቡን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ለአገር ውስጥ መሥሪያ ቤት ከሆነ አንዱን መርጬ እስከ መጨረሻው በእሱ እሄዳለሁ።

ወርድ ላይም መተየብ ሳልጀምር የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ብዬ ቋንቋውን እመርጣለሁ። ከቃላቱ ሥር የምትሰመረው መስመር ትረዳኛለች፤ አንዳንዴ ግን ልክ የሆነውን ኮማ አውጣ ትላለች። ምክንያቱን ካልደረስኩበት አላወጣም።