ተመዝዞ የወጣው ፌሮ

ባለቤቱ ሁለት ፎቅ ሠርተው ሲያበቁ ሦስተኛውን ለመጨመር አሰቡ። መሠረቱና ነባሮቹ ምሰሶዎች ይችላሉ ወይ ብለን አሰላን፤ ይችላሉ። ችግሩ ለአዲሶቹ ምሰሶዎች የሚቀጥል ፌሮ ከላይኛው ሶሌታ ላይ አለመተዉ ነበር። ስለዚህ አርማታውን በስተን 16 ሚሊሜትር ፌሮ በኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ነገር ሲቀላቀል በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ልንተክል ተነሣን። ኃላፊው እኔ ነበርሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራም መስሎኝ ነበር።

ቀዳዳው 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ነበረው። ሠራተኞቹ በስተው ሲጨርሱ በአፋቸው እፍ እፍ ብለው ኢፖክሲውን ጨመሩበት። አይቼ ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ለሙከራ በጃክ ስንስብ ሁለቱ ጸኑ። ሦስተኛው 60 ኪሎኒውተን (የስድስት ቶን ክብደት ያህል) ይሸከማል ሲባል 15 ላይ እንደ ካሮት ተመዝዞ ወጣ። አንሥቼ አገላበጥሁት። ኢፖክሲው ፌሮውን እንደ ቆዳ ለብሶታል፤ ላዩ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ማጣበቂያው ያገኘውን አጥብቆ ይዟል፤ ያገኘው ግን አርማታውን ሳይሆን አቧራውን ነው።

አንጋፋው ፎርማን ፌሮውን ተቀብለው አዩትና፣ «ኢንጂነር፣ እንጀራው እንዳይጣበቅ ምጣዱ ይታሰሳል፤ ይኼ ደግሞ እንዲጣበቅ ይታሰሳል» አሉኝ። ከትምህርት ቤት ያላመጣሁት ትምህርት ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ትተን ጎን ለጎን አዲስ በሳን። ኮምፕሬሰሩን ከቀዳዳው ግርጌ ጀምሮ ነፋን፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግን፣ ደግመን ነፋን፤ ብናኝ መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይኸው ነው። አየሩ ዘይት ይዞ እንዳይመጣ በነጭ ጨርቅ ላይ ነፍተን አየን። ከካርትሪጁ፣ ኢፖክሲው ታሽጎ ከሚመጣበት ቱቦ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ቅልቅል ቀለሙ እስኪመሳሰል ይደፋል፤ ባለቤቱ ይህን ሲያዩ ስለ ዋጋው ብዙ ተናገሩ። ከታች ወደ ላይ ሞልተን ፌሮውን እያዞርን አስገባን። ሐምሌ ነበርና ዝናብ የገባባቸው ቀዳዳዎች እስኪደርቁ ሁለት ቀን ጠበቅን። ሁሉም 60ውን ቻሉ።

ደስታዬን የቀነሰው በኋላ ያነበብሁት በአሜሪካ የቦስተን ከተማ የመኪና መንገድ ዋሻ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2006 በፈረንጆች አቆጣጠር 26 ቶን ያህል የኮንክሪት ጣሪያ መኪና ላይ ወድቆ አንዲት ሴት ገደለ። ጣሪያውን ያንጠለጠሉት በኢፖክሲ የተተከሉ ቡሎኖች ነበሩ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በምርመራው ያገኘው፣ የተመረጠው ፈጥኖ የሚደርቅ ኢፖክሲ ለዘለቄታ ጭነት የማይሆን መሆኑን ነው፤ ለአጭር ጊዜ ሲሳብ የሚጸናው ማጣበቂያ ክብደቱ ሌት ተቀን ሲጎትተው ቀስ እያለ ይለጠጥ ነበር። በግንባታው ጊዜ እንኳ አንዳንዶቹ ሸርተት ብለው ተገኝተው እንደገና ተተክለዋል። የእኔም ጃክ የሚለካው የደቂቃዎችን ጉልበት ብቻ ነው። ሙቀቱም አለ፤ በተራ የአየር ሙቀት የሚደርቁ ብዙ ኢፖክሲዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሲደርሱ ይለሰልሳሉ። የእኛዎቹ አርማታ ውስጥ ተሸፍነው ስለቀሩ ፀሐይ በቀጥታ አያገኛቸውም።

ከዚያ ወዲህ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ነገር በኢፖክሲ አልተክልም፤ ለእሱ ሶሌታውን ዘልቆ ከላይ በሰሌዳ የሚያዝ ቡሎን እመርጣለሁ። በዚያ ቤት በረንዳ ጥግ ደግሞ ሁለት ትርፍ ፌሮዎች ለፀሐይና ለዝናብ ተጋልጠው እንዲቆዩ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ እየሳብሁ እንድፈትሻቸው ተከልሁ። ባለፈው ስሄድ ባለቤቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረውባቸው አገኘሁ፤ ብርድ ልብስ ተሰጥቶበት ነበር።