የበሩ ነገር፦ የጌም ሥራዬ ሦስተኛ ወር

ባለፉት ሦስት ሳምንታት የሠራሁት አንድ በር ብቻ ነው።

ጣና ዳር ባለ መንደር ውስጥ የሚካሄድ ትንሽ አርፒጂ ጌም (ተጫዋቹ አንድ ባለታሪክ ሆኖ የሚጫወተው ዓይነት) ጎዶት በሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እየሠራሁ እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ቤቶቹ አልቀዋል፣ ታንኳዋም ትቀዘፋለች። ችግሩ በሩ ነው። ቁልፉን ስጫን በሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋና ባለታሪኬ ቤት ውስጥ ይገኛል። ሠፈሩ ሁሉ የካርቶን መሰለኝ።

ድሮ ጌሞች ላይ የበር አኒሜሽን ሥራም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል አርፒጂ ባይሆንም፣ በሩን ቀስ አድርጎ የሚከፍተው ቀጣዩ ክፍል ከሲዲው እስኪነበብ ነው። ስካይሪም (እ.ኤ.አ. 2011) የሚባለው አርፒጂ ላይ ብዙ ቤቶች ስትገቡ ሎዲንግ፣ ማለትም ቀጣዩ ቦታ እስኪጫን የሚያስጠብቅ ገጽ ይመጣል። ሌላው አርፒጂ ዊቸር 3 (እ.ኤ.አ. 2015) ላይ ግን ገፋ አድርጋችሁ መግባት ነው። የእኔ ጌም ትንሽ ስለሆነ ሎዲንግ አያስፈልገውም። ታዲያ ለምን ባዶ ሆነብኝ?

መጀመሪያ የመዞሪያ ነጥቡን በሩ መሃል ላይ ትቼው ስለነበር ሲከፈት ይሽከረከር ነበር። ነጥቡን ወደ መቃኑ፣ ማጠፊያው ወዳለበት ጠርዝ ሳመጣው ተስተካከለ። ግን ክብደት የለውም። መጋረጃ ነው የሚመስለው።

መልሱን ዘጌ አገኘሁት። ቅዳሜ ከዘመዶች ጋር በጀልባ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድን። አንድ አባት ረጅሙን የእንጨት በር ሲከፍቱ ቆሜ አየሁ። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። በትከሻቸው ደገፍ አሉት። ሲጢጥ አለ፣ ትንሽ ተላቀቀ፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ሄደ። ብርሃኑ በቀጭኑ ገባ። መቅደሱ ግድግዳ ላይ ካለው ሥዕል መጀመሪያ አንድ ዓይን ብቻ ታየኝ፤ ቀጥሎ ፊቱ፣ ቀጥሎ ፈረሱ። ሥዕሉን ያሳየኝ በሩ ነው።

ማታውኑ ቁጭ አልኩ። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ በሩ ለ0.3 ሰከንድ ዝም ይላል። ድምፁ ይቀድማል፣ እንቅስቃሴው ቀስ ብሎ ጀምሮ ይፈጥናል። የጌሙ ፀሐይ ጥላ እንዲጥል ሳደርግ ደግሞ ብርሃኑ በሩ በተከፈተ ልክ ወለሉ ላይ እየሰፋ ይገባል። ልቤ ደስ አለው።

ሌላው ነገር የእኛው ነው። ሰው ቤት ዘው አይባልም። ብዙ አርፒጂዎች ላይ ገብቶ የሰው ሳጥን መበርበር የተለመደ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም። አሁን ተጫዋቹ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ኮቴ ይሰማል፣ መቀርቀሪያው ይነሳል። አራት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ከጌሙ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

እህቴ ስትሞክረው ግን ስድስተኛው ቤት ላይ «ኧረ ክፈቱልኝ!» አለች። ልክ ነች። ስለዚህ ከቤቱ ባለቤት ጋር ስትግባቡ በሩ ቀን ቀን ገርበብ ብሎ እንዲጠብቃችሁ አደረግኩ። ቡና አብሮ የጠጣ ሰው እንደ እንግዳ ደጅ አይቆምም።

አሁንም በሩ ወደ ውጭ ሲከፈት ተጫዋቹን ይገፋዋል። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ እንዲል እያደረግኩ ነው። ድምፁም ይቀረኛል። የጎረቤታችንን የእማማን በር በስልኬ ቀድቼው ነበር፣ ባጃጅ ገባበት። ነገ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ባጃጆቹ ሳይወጡ እደግመዋለሁ። እማማም ፈቅደውልኛል።