ዲፍ፣ ፓች እና የአራት ነጥብ ጣጣ

የሰሜን ሸዋ ወረዳዎችን ገለጻ የያዘው የጋራ ፋይላችን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አንድም ማረሚያ ሳይወድቅበት እየታደሰ ነው። ደስ ብሎኛል፤ መንገዱን ላካፍላችሁ።

ዲፍ (diff) የሁለት ፋይሎችን ልዩነት የሚያወጣ፣ ፓች (patch) ደግሞ ያንን ልዩነት ነባሩ ፋይል ላይ የሚለጥፍ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው፤ የልዩነቱ ፋይልም ፓች ይባላል። መነሻው ይህ ነው፦ «ዲፍ -ዩ ነባር አዲስ > ለውጥ.ፓች»፣ ከዚያ «ፓች ነባር < ለውጥ.ፓች»። ያለ -ዩ (-u) የወጣ ዲፍ ለሰው አትላኩ። -ዩ ከለውጡ በላይና በታች 3 መስመር አብሮ ስለሚይዝ፣ መስመሮቹ ወደ ታች ቢገፉም ፓች ቦታውን ፈልጎ ያገኘዋል።

ያስቸገረው ሌላ ነው። አንድ ቃል ብቻ ታርሞ ዲፍ ፋይሉ በሙሉ ተለውጧል ይላል («-» የሚሰረዘው፣ «+» የሚገባው መስመር ነው)፦

-የደብረ ብርሃን ብርድ ኃይለኛ ነው፡፡
+የደብረ ብርሃን ብርድ ኃይለኛ ነው።

የላይኛው ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ስልት) 6 ባይት። የታችኛው እውነተኛው አራት ነጥብ ነው፤ 3 ባይት። በብዙ ፎንት ዓይን አይለያቸውም። የመፈለጊያው ትእዛዝ «ግሬፕ -ሲ '፡፡' ነባር» (grep -c) ድርብ ሁለት ነጥቡ ስንት መስመር ላይ እንዳለ ይቆጥርላችኋል። ማስተካከያው በጽሑፍ መተኪያው ትእዛዝ በሴድ «ሴድ -አይ 'ኤስ/፡፡/።/ጂ' ነባር» (sed -i 's/፡፡/።/g') ነው።

ግን የራሳችሁን ቅጂ ብቻ አጽድታችሁ ፓች ብትልኩ ተቀባዩ ጋ ይወድቃል፤ የሚሰረዘው መስመር ፊደል በፊደል መግጠም አለበትና። የፈዝን (fuzz፣ ፓች የሚታገሰው አለመግጠም) ቁጥር መጨመር አያድንም፤ ፈዝ የሚያላላው ዙሪያውን ያሉትን መስመሮች ብቻ ነው። የፓች -ኤል (-l) አማራጭም ባዶ ቦታን እንጂ ነጥብን አያልፍም። እኔም በፈዝ ማስገደድ አበዛ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ስለዚህ የነጥቡ ጽዳት ለብቻው ይሁን፤ ሁሉም ቅጂውን ካጸዳ በኋላ የቃል እርማቱ ይላክ።

«ብርሃን»ና «ብርሀን»ን ግን በሴድ በጅምላ አትንኩ። ሞክሼ ፊደል በጭፍን ሲተካ ፀሐይ «ሠረቀች» የነበረው «ሰረቀች» ይሆናል። እዚያ ላይ «ጊት ዲፍ --ኖ-ኢንዴክስ --ወርድ-ዲፍ ነባር አዲስ» (git diff --no-index --word-diff) የተቀየረችውን ቃል ለይቶ ስለሚያሳይ አንድ በአንድ ዓይታችሁ ወስኑ።

ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል ከሆነ የመስመር መጨረሻውም ይለያል፤ አስቀድማችሁ በ«ዶስቱዩኒክስ» (dos2unix) አሳልፉት።

ከመለጠፍ በፊት «ፓች --ድራይ-ረን» (--dry-run፣ የሙከራ ሩጫ) ምንጊዜም ይቅደም፤ ፋይሉን ሳይነካ የሚወድቀውን ይነግራል። እውነተኛው ሩጫ ላይ ከወደቀ «.ሬጅ» (.rej) የሚል ፋይል ይተዋል፤ ሳታነቡት አትሰርዙት፣ ያልገባው እርማት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተሳስታችሁ ከለጠፋችሁ ያንኑ ፓች በ-አር (-R) መልሱት።