7.5 ቸርኬ ላይ ስንት ቁጥር ጎማ? እስካሁን የተደረሰበት

ኮሮላዋ አሁን አምስት ሰው ጭና በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ጎማዋ ፓራፋንጎ አይነካም። ቸርኬው 16 በ7.5 (የቁመቱና የስፋቱ ኢንች)፣ ኢቲ 38 ነው፤ ኢቲ ማለት የቸርኬው መታሰሪያ ፊት ከስፋቱ መሐል ወደ ውጭ የራቀበት ሚሊ ሜትር ነው፣ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማው 215/55 አር 16 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎን ግድግዳው ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ የቸርኬው ኢንች)። የፋብሪካው 195/65 አር 15 በ6 ጄ (6 ኢንች ስፋት)፣ ኢቲ 45 ቸርኬ ነበር። ቸርኬውን ዓይኑ ወዶ ከገዛ በኋላ «ጎማውስ?» የሚል ሰው ስለበዛ ሒሳቡን እንዳለ እናስቀምጠው።

ገጠማውን ቶሎ እንለፈው። የብሎን ቀዳዳው 5 በ114.3 ነው፤ አምስት ቀዳዳ በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። የሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት) መሐል 60.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን የገበያ ቸርኬ የመሐል ቀዳዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ 73.1 ሆኖ ይመጣል። ክፍተቱን የሚሞላው ቀለበት ከሌለ መሪው ከ80 በላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያኔ ባላንስ ደጋግሞ ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ዳዶውንም እዩት፤ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው፣ የገበያው ቸርኬ ግን 60 ዲግሪ ሾጣጣ ይፈልጋል። በቶርክ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር ይታሰራል። ደሴ–ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ከዚያ ስትመለሱ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ ደግማችሁ ፈትሹት።

ዋናው ጣጣ ስፋቱ ነው። እያንዳንዱ የጎማ ቁጥር የሚቀበለው የቸርኬ ስፋት ተወስኖለታል። 205/55 አር 16 ከ5.5 እስከ 7.5፣ 215/55 አር 16 ከ6 እስከ 7.5፣ 225/50 አር 16 ደግሞ ከ6 እስከ 8 ኢንች። ሦስቱም 7.5 ላይ ይገባሉ፤ መግባትና መስማማት ግን ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክለኛው ስፋት አይደለም። 195/65 በ6 ኢንች ቸርኬ ላይ ነፍተው ቢለኩት 201 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 215/55 በ7 ኢንች ላይ 226 ነው። ቸርኬው በግማሽ ኢንች በሰፋ ቁጥር ጎማው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ 7.5 ላይ 231 ይደርሳል። 225/50 ደግሞ 238 ይሆናል።

አሁን ግማሽ ግማሹን ውሰዱ። የድሮው 201 ሲካፈል 100.5፣ የአዲሱ 231 ሲካፈል 115.5፤ ልዩነቱ 15 ነው። ኢቲው ከ45 ወደ 38 ስለወረደ መላው ጎማ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተገፍቷል። በውጭ በኩል 15 ሲደመር 7፣ 22 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ በውስጥ 15 ሲቀነስ 7፣ 8 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። ለ225/50 ውጩ 25.5፣ ውስጡ 11.5 ይሆናል። የቸርኬውን ስፋት ብቻ አስልቶ «ይበቃል» የሚል ነጋዴ ስለ ጎማው ሆድ ረስቷል። የድሮው ጎማ እንደታሰረ በአሞርዛተሩና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከዚያ ላይ 8 ተቀንሶ ቢያንስ የትንሽ ጣት ውፍረት ካልተረፈ ኢቲው ለመኪናችሁ አይሆንም።

ታዲያ ከሦስቱ ለምን 215/55? የኮብልስቶኑና የኮረኮንቹ ነገር ነው። የጎን ግድግዳው ቁመት 118 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎቹ ሁለቱ 113 አካባቢ። የፋብሪካው ወደ 127 ነበር። ድንጋይ ሲመታ ቸርኬውን የሚያድነው ይሄ ቁመት ነው። የጭነት ቁጥሩም 93፣ ማለትም በአንድ ጎማ 650 ኪሎ ነው፤ የፋብሪካው 91 (615 ኪሎ) ስለሆነ ከዚያ በታች መውረድ የለም። የጎማው ጠቅላላ ቁመት 643 ሚሊ ሜትር፣ ከድሮው 634.5 በ1.3 በመቶ ብቻ ስለሚበልጥ ቆጣሪው 80 ሲል መኪናዋ 81 ትሄዳለች። 225/50 ለደረቅ አስፋልት ደህና ነው፤ ለነሐሴ ዝናብ ግን ጎማ በሰፋ ቁጥር ውኃ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። 205/55 ከሦስቱ ጠባቡ ስለሆነ 7.5 ላይ ይበልጥ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ የቸርኬው ከንፈር ለድንጋይ ይጋለጣል። ሆን ብሎ ከልክ በታች ጠባብ ጎማ ወጥሮ ማሰር ደግሞ ለፎቶ ካልሆነ ለወሎ መንገድ አይሆንም። ጎማው ቸርኬው ላይ እንዲቀመጥ ብሎ ቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት የሚያስነሳ ጎሚስታ ካያችሁ መኪናችሁን አስነስታችሁ ሂዱ። ጎማው ከቸርኬው ጋር ከተስማማ የሳሙና ውኃና ከ40 ፒኤስአይ ያልበለጠ አየር ያስቀምጠዋል።

ከ225/50 ወደ 215/55 መውረድ በጎን የሚያተርፈው 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው ረዘም ስለሚል ደግሞ ከላይ 6 ያህሉን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ የኋላ ጎማው ፓራፋንጎ መንካቱን የፈታው የጎማው ለውጥ ሳይሆን የፓራፋንጎው ሥራ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጠመኔ በውኃ አርጥባችሁ የፓራፋንጎውን የውስጥ ከንፈር ቀቡ። መኪናዋን ሙሉ ጫኑ፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማዋን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው እንጨት ላይ አውጡ፤ ከዚያ በተቃራኒው። ጎማው ነጭ ከያዘ ነክቷል። በጣም የሚነካው ቦታ ባምፐሩ ከፓራፋንጎው የሚገናኝበት ብሎን ጭንቅላት ነው፤ መጀመሪያ እሱን በጠፍጣፋ ብሎን ለውጡ። ከዚያ በኋላ ነው ከንፈሩ የሚታጠፈው። ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በሙቅ አየር እያሞቃችሁ ቀስ በቀስ፣ ከዚያም ዝገት መከላከያ ቀቡት። በፊት ጎማዎቹ በኩል ደግሞ መሪውን ሙሉ በሙሉ ግራና ቀኝ አዙራችሁ የፕላስቲክ ሽፋኑን እዩ።

አየሩን ከበሩ ተለጣፊ ወረቀት ጀምሩና በጠመኔ አስተካክሉ፤ ጎማው ላይ አግድም መስመር አስምራችሁ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጥቂት ንዱ። መሐሉ ቀርቶ ጠርዙ ከጠፋ አየር አንሷል፤ ጠርዙ ቀርቶ መሐሉ ከጠፋ በዝቷል። ደሴ በጠዋት ብርድ የተሞላውን ኮምቦልቻ ወርዶ ማስተንፈስ ግን የሚገርም ልማድ ነው። ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሲወረድ መለኪያው 1 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ 10 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ 1.5 ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ከሐረጎ ፍሬን በኋላ የምታዩት ጭማሪ የሙቀት ነው፤ ያኔ አየር ከቀነሳችሁ ማታ ደሴ ስትመለሱ ጎማው ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

አሮጌ ጎማ ስትገዙ በጎኑ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ስኮርታው አሁንም የድሮው 195/65 ነው፤ ቁመቱ ከሌሎቹ 8 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ኮሮላ በፊት ጎማ ስለምትጎተት፣ የፊቱ ቢፈነዳ የኋላውን ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጥታችሁ ስኮርታውን ከኋላ እሰሩ። ክሪኩ ሁለቴ ይሠራል እንጂ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ቁመት እኩል ስለሚሆን ዲፈረንሻሉ ያለ እረፍት አይሽከረከርም።