አረንጓዴን በአረንጓዴ፦ ከኩሬዬ የአራት ወር ማስታወሻ

ከመራዊ ወጣ ብላ ያለችው የቀረሶ (ቲላፒያ አሳ) ኩሬዬ 10 በ15 ሜትር ናት፤ ጥልቀቷ አንድ ሜትር። የካቲት ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋባት መሰለች። ደስ አለኝ። አረንጓዴ ውሃ ለአሳ ምግብ ነው ሲባል ሰምቻለሁና። ንፋስ ወደ አንድ ጥግ ሲገፋው ግን እንደ ገንፎ ተጋገረ፣ ሸተተም። አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብወርድ ቀረሶዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። ነግቶ ስቆጥር 14 ሞተዋል። በጣም አዘንኩ።

ያን ጊዜ ነው አረንጓዴ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት። በሃይላንድ ውሃውን ቀድታችሁ ሳትነኩት አሳድሩት። አረንጓዴው ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱ ላይ ከተሰበሰበ፣ ብዙውን ጊዜ ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም ዋቅላሚ የሚመስል ባክቴሪያ ነው። እኩል ተበትኖ ከቆየ ወይም ወደ ታች ከዘቀጠ ደግሞ ጥሩው ዋቅላሚ (አልጌ) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የእኔው እስከ ጠዋት ሁሉም አናት ላይ ወጥቷል። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው የሳይኖባክቴሪያ ዓይነት በውስጡ የአየር ኪስ አለው። ተንሳፍፎ ብርሃኑን ይይዛል፣ ከስር ያለውን ያጨልማል። ጉበት የሚጎዳ መርዝም ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ ከብቶቹን ከኩሬው አራቅኩ፣ አሳ መሸጥም አቆምኩ።

ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ኬሚካል ጨምርበት ያሉኝ ነበሩ። አልጨመርኩም። ሴሎቹ በአንዴ ሲፈነዱ መርዙ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፣ ብስባሹም የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

እታለም የምላት ጎረቤቴ ኩሬ ውሃው ቀለል ያለ፣ የጎመን ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው። ከእሷ ቀድቼ ዘር አደረግሁ። ስድስት ባለ 20 ሊትር ነጭ ጀሪካን አዘጋጀሁ። በእያንዳንዱ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ፣ አንድ ቁንጥር ኤንፒኤስ ማዳበሪያና ሁለት ሊትር የእታለም ውሃ ጨመርኩ። ከዛፍ ስር አስቀምጬ በቀን ሦስቴ እነቀንቀው ነበር። በአስረኛው ቀን ደመቀ። ሁሉንም ኩሬው ውስጥ ደፋሁት።

ምንም አልተለወጠም።

120 ሊትር በ150,000 ሊትር ውስጥ ምን ያህል ነው? ግን ዋናው ስህተቴ መጠኑ አልነበረም። አረም ባልታረመበት ማሳ ላይ ጤፍ ዘርቼ ነበር ማለት ነው። ኩሬውን በዶሮ ኩስ ሳዳብር ከርሜያለሁ። ኩስ ፎስፈረሱ ብዙ ነው፤ ፎስፈረስ የበዛበት ረጋ ያለ ሙቅ ውሃ ደግሞ ለሳይኖባክቴሪያ ሠርግና ምላሽ ነው።

ሁለተኛውን ሙከራ ሚያዝያ ላይ በሌላ መንገድ ጀመርኩ። ኩሱን ሙሉ በሙሉ አቆምኩ። መኖውንም በግማሽ ቀነስኩ፤ የተረፈ መኖም ያው ማዳበሪያ ነውና። ጠዋት ጠዋት ጓንት አድርጌ ጥግ ላይ የተጋገረውን በባልዲ እየቀዳሁ ከብት በማይደርስበት ጉድጓድ ቀበርኩት። የኩሬውን አንድ ሦስተኛ ውሃ ለውጬ፣ አዲሱ ከላይ ሳንቃ ላይ እየወደቀ እንዲገባ አደረግሁ። ቀትር ላይ ደግሞ በረጅም ጣውላ አማስል ነበር። አረንጓዴ ዋቅላሚ ካልተማሰለ ይሰምጣል፤ ውሃው ሲናወጥ ግን የማይክሮሲስቲስ መንሳፈፍ ጥቅም ያጣል። አምስተርዳም አጠገብ ባለው ኒዩቬ ሜር ሐይቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከስር አየር እየነፉ በማማሰል ማይክሮሲስቲስን ቀንሰዋል። እሱ ግን ጥልቅ ሐይቅ ነው። አንድ ሜትር ኩሬ ላይ ማማሰል ብቻውን ይበቃል ብዬ አላምንም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው ስድስቱን ጀሪካን በየአምስት ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ የደፋሁት።

የውሃውን ጥራት የምለካው በጣሳ ክዳን ነው። ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ጥቁር ቀብቼ በገመድ አወርደዋለሁ፤ ከዓይኔ የሚጠፋበትን ጥልቀት እመዘግባለሁ። መጋቢት ላይ 12 ሳንቲሜትር ነበር። ግንቦት አጋማሽ 24፣ ትናንት 32። ሃይላንዱም ሲያድር ከላይ ቀጭን መስመር ብቻ ይዞ ነው ያገኘሁት። ከሚያዝያ መጨረሻ ወዲህ አሳ አልሞተብኝም።

ከጀሪካኑና ከጽዳቱ የትኛው የበለጠ እንደሠራ ለመለየት ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ኩሬ ቆፍሬያለሁ። ሁለቱንም አጸዳለሁ፣ ዘር የምጨምረው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ውጤቱን ከክረምት በኋላ እጽፋለሁ። እስከዚያ ሁለት ጀሪካን ዘር ሁልጊዜ አለኝ፤ መራዊ አካባቢ ያላችሁ ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ።