ራጁ ላይ ያልታየችው አጥንት

ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። ሐዋሳ ውስጥ ሹሩባ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። እንጀራዬ ጣቴ ላይ ነው። ክረምት መግቢያ ላይ ደጃፌ ላይ ጭቃ አንሸራተተኝና ቀኝ እጄን አስቀድሜ ወደቅኩ። ስነሳ የእጄ አንጓ ጠሟል።

ጎረቤቶቼ "ወጌሻ ጋ እንውሰዳት" አሉ። እናቴ አሻፈረኝ አለች። እጁ በጣም ጠብቆ ታስሮ፣ ደም አጥቶ የተቆረጠ ልጅ ታውቃለች። ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ራጅ ተነሳሁ። በአውራ ጣት በኩል ያለው ትልቁ የክንድ አጥንት አንጓው አጠገብ ተሰብሯል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውም ጫፉ ተሸርፏል። ሐኪሙ "አይዞሽ፣ ይቺኛዋ አታስፈራሽ" አሉኝ። ትልቁ ሲሰበር እሷም አብራ መሸረፏ የተለመደ ነው። የሁለቱ መገጣጠሚያ እስካልላላ ድረስ ባትገጥም እንኳ ብዙ ጊዜ ችግር የላትም። ስብራቱን ጎትተው አስተካክለው ጀሶ አደረጉልኝ። 6 ሳምንት ገደማ ይበቃል ተባለ።

ግን አውራ ጣቴ ሥር፣ ጎድጎድ ያለችው ቦታ ላይ፣ ሕመሙ አልለቅ አለኝ። ለቀጠሮ ስመለስ ነገርኳቸው። ጀሶው ተፈትቶ እንደገና ራጅ ተነሳሁ። አንጓ ላይ ካሉት 8 ትናንሽ አጥንቶች አንዷ፣ ስካፎይድ የምትባለው፣ ተሰንጥቃለች። ስንጥቋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል አሉኝ።

ክፋቷ ደሟ ላይ ነው። ደም በአብዛኛው የሚገባላት በጣቶቹ በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ክንዱ በኩል ይመለሳል። መሃሏ ሲሰነጠቅ የኋላው ግማሽ ደም ሊያጣና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጀሶው እስከ 12 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ካልያዘች ቀዶ ጥገና፣ ብሎን። የቤት ኪራዩን አስቤ እዚያው አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ነው የሄድኩት። ጀሶ ውኃ ስለማይነካው ጠበሉን ጠጣሁ፤ እናቴ ፊቴን አበሰችልኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ለምኛለሁ። ለአንዲት ትንሽዬ አጥንት ደም የለመንኩት ግን ያኔ ነው። "ደሙን አድርስላት" እያልኩ። ጃንጥላም ተሳልኩ።

የመጨረሻው ራጅ ሲነሳ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አስጠግተው ቆዩ። ሆዴ ተላወሰ። "ይዟል፤ ብሎን አያስፈልግሽም" አሉ። ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ፤ ዘበኛው ሮጦ መጣ።

እህቴ "ስንጥቁ ስላልተዛነፈ ነው የዳነው" ትላለች። ልክ ነች፤ ሐኪሙም ብለውኛል። እንዳይዛነፍ የያዘው ማን ሆነና?

ተአምሩ ግን በአንድ ጀንበር አላለቀም። ጀሶው ሲፈታ አንጓዬ ደርቆ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ትልቁ አጥንት ብቻ የተሰበረባት ደንበኛዬ ከእኔ በኋላ ወድቃ ቀድማኝ ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ቀናሁባት፤ አልዋሽም። ፊዚዮቴራፒው ላይም እያለቀስኩ ነው ያጠፍኩት።

ጃንጥላውን ታኅሣሥ 19 አስገባሁ። ሹሩባ እሠራለሁ፤ ቁጥርጥሩንም ሳይቀር። ከባድ ጀሪካን ሳነሳ አሁንም ትንሽ ይቆረጥመኛል። እሱንም ለገብርኤል ነግሬዋለሁ።